ቲካልን በአንድ ቀን እንዴት ትጎበኛላችሁ? ጫካ ለዋጠው የማያዎች ከተማ የአሠራር መመሪያ

ከጓቴማላ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ዓይነት ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይደርሰኛል። ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ የሚጽፉልኝ ሰዎች አነጋገራቸው ይለያያል እንጂ ነገሩ ያው ነው፦ «ቲካል በምን ይኬዳል? አንድ ቀን ይበቃል ወይ? እባቡስ?» ለእያንዳንዱ በተናጠል ከመመለስ አንድ ጊዜ በዝርዝር ጽፌ ማስቀመጡን መረጥኩ።

ባጭሩ፦ አንድ ሙሉ ቀን ይበቃል፤ ቀኑ የሚጀምረው ግን ገና ሌሊት ሳለ ነው። ከእባቡ ይልቅ ሙቀቱንና የረጠበውን ድንጋይ ፍሩ።

ማያ የተባለው ጥንታዊ ሕዝብ የሠራው ቲካል የሚገኘው በመካከለኛው አሜሪካ፣ በሰሜን ጓቴማላ፣ ፔቴን በተባለው ቆላማ ግዛት ነው። ብሔራዊ ፓርኩ 575 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ጥቅጥቅ ያለ ደን ሲሆን ፍርስራሹ በመካከሉ ተቀምጧል። ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. ሲመዘግበው በባህልም በተፈጥሮም ቅርስነት ነው። ይህን እዚህ የማነሣው ለቀናችሁ አደላደል ስለሚጠቅም ነው፦ ሕንጻዎቹን ቀኑን ሙሉ ታገኟቸዋላችሁ፤ አራዊቱን ግን የምታዩት በማለዳና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የተሠራው በዚህ ላይ ነው።

ሰዓቱን ሁሉ የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። እዚያ ያለ ሾፌር «አራት ሰዓት» ብሎ ከቀጠራችሁ ለእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ማለት ነው፤ ፓርኩም «ስድስት ላይ ይከፈታል» ሲባል ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። በዚህ ምክንያት ሚኒባስ ያመለጠው ወገን አውቃለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ውሃ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር። ጥላው ያታልላል፤ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላብ አይደርቅም፣ ሰውነትም አይቀዘቅዝም።
• የኦአርኤስ ዱቄት ሁለት ከረጢት። ብዙ ላብ ያለበት ሰው ውሃ ብቻ ሲጠጣ የወጣውን ጨው አይተካም።
• ሶሉ የሚይዝና ቀድሞ የተለመደ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ።
• ቀለሙ የፈዘዘ፣ ስስ ግን ረጅም እጅጌ ሸሚዝና ረጅም ሱሪ።
• ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት የተባለው ኬሚካል ያለበት የትንኝ መከላከያ፣ እንዲሁም የፀሐይ መከላከያ ክሬም።
• ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ። በእጅ የሚያዝ ባትሪ ደረጃ ስትወጡ አንድ እጃችሁን ይወስድባችኋል።
• አቅርቦ ማሳያ መነጽር። ከአንድ ነገር በቀር ሁሉን ተው ብትሉኝ ከውሃው ቀጥሎ የምይዘው ይህንን ነው፤ አብዛኛው እንስሳ ከጭንቅላታችሁ 20 ሜትር በላይ ነው የሚውለው።
• በደረቁ ወቅትም ቢሆን ቀላል የዝናብ ልብስ፣ ለስልክና ለፓስፖርት ደግሞ ውሃ የማያስገባ ከረጢት።
• ጥሬ ገንዘብ በአገሩ ገንዘብ በኬትዛል፣ በትናንሹ የተዘረዘረ።
• በስልክ ላይ አስቀድሞ የወረደ ካርታና ፓወር ባንክ። ጫካው ውስጥ ኔትወርክ አይታመንም።
• ቆሎ፣ ለውዝ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ አፉ በሚዘጋ ዕቃ። ክፍት ላስቲክ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ምን እንደሚገጥማችሁ ኋላ እናገራለሁ።

ከመነሣታችሁ በፊት

1. ወሩን ምረጡ።

የፔቴን ዝናብ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጣጠማል፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት መንገዱ ጭቃ፣ ድንጋዩ ሙልጭልጭ ነው። ደረቁ ወቅት ከኅዳር መጨረሻ ገደማ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ይዘልቃል። ከጥር እስከ መጋቢት አጋማሽ ያለውን ብትመርጡ መልካም ነው፦ ማለዳው ይቀዘቅዛል፣ መሬቱ ደረቅ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚያልፍ እኩለ ቀን ላይ መራመድ ይከብዳል። የካቶሊኮች የሕማማት ሳምንት ላይ አትሂዱ፤ የአገሩ ሰው በሙሉ የሚጓዝበት ጊዜ ስለሆነ ማደሪያ አይገኝም።

ከዝናቡ ወቅት በቀር ጊዜ ከሌላችሁ ጉዞውን አትሰርዙ። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወርደው፤ ማለዳውን ከተጠቀማችሁበት ብዙ ሰው ሳይኖር ታዩታላችሁ።

2. ወረቀታችሁን አሟሉ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ከሚጠየቁት መካከል ነው። የአሜሪካ ዜግነት ያለው ግን እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። ብዙዎች የሚዘነጉት መተላለፊያውን ነው፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው በአሜሪካ አየር ማረፊያ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የአሜሪካ የመሸጋገሪያ ቪዛ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የአውሮፕላን ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት መስመሩን አንድ በአንድ ተመልከቱ።

ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት የተመዘገበበትን ቢጫ ካርድ መያዝ አለበት፤ ጓቴማላ በሽታው ካለባቸው አገሮች ለሚመጡ መንገደኞች ትጠይቃለች፣ ኢትዮጵያም ከእነዚያ አገሮች ተርታ ናት። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። አንዴ ከወሰዳችሁት ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

3. ማደሪያችሁን ወስኑ።

ከዋና ከተማዋ ከጓቴማላ ሲቲ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል በርራችሁ ሳንታ ኤሌና ትደርሳላችሁ። በአውቶቡስ ከሆነ 8 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል። ከሳንታ ኤሌና አጠገብ፣ በፔቴን ኢትሳ ሐይቅ ላይ ያለችው ትንሿ ደሴት ፍሎሬስ ትባላለች፤ በተሠራ መንገድ ከየብሱ ጋር ስለተገናኘች ጀልባ አያስፈልግም። ከዚያ እስከ ቲካል 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ምርጫው ሦስት ነው። ፍሎሬስ ምግብ ቤትና የገንዘብ ማውጫ ማሽን በቅርብ ስላለ ይመቻል፤ ነገር ግን ሌሊት ያስነሣችኋል። ኤል ሬማቴ የተባለችው መንደር መንገዱን በግማሽ ታሳጥራለች። ሦስተኛው ከፍርስራሹ መግቢያ አጠገብ ካሉት ሦስት ሆቴሎች በአንዱ ማደር ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ ክፍሉም ቀድሞ ይያዛል። አቅሙ ካላችሁ ግን አንዲት ሌሊት እዚያው እደሩ እላለሁ፤ በሩ ሲከፈት ከሁሉ ቀድማችሁ ጫካው ውስጥ ትሆናላችሁ፣ ይህም ቀኑን ሙሉ ይለውጠዋል።

ከቤሊዝ በኩል የምትመጡ ድንበሩን ሜልቾር ደ ሜንኮስ ላይ ትሻገራላችሁ።

4. ገንዘቡን ከከተማ ያዙ።

ፓርኩ ውስጥ የገንዘብ ማውጫ ማሽን አለ ብላችሁ አትተማመኑ። እኔ በሄድኩበት ጊዜ የውጭ አገር ሰው የቀን መግቢያ 150 ኬትዛል ነበር፤ ከመደበኛው ሰዓት ውጪ የፀሐይ መውጫን ወይም መጥለቂያን ለማየት 100 ኬትዛል ይጨመርበታል። ከመሄዳችሁ አንድ ቀን በፊት ዋጋውንና የቲኬቱን አቆራረጥ ያደራችሁበትን ሆቴል ጠይቁ፤ ተገዝቶ ያደረ ቲኬት ማለዳ ላይ ከሰልፍ ያድናል። ፓስፖርታችሁን ወይም ቅጂውን ያዙ፣ ቲኬቱ በስም ነው የሚቆረጠው።

5. አስጎብኚ ያዙ፣ ቢያንስ ለግማሽ ቀን።

ከከተማው የሚበዛው ክፍል እስካሁን ከአፈርና ከዛፍ ሥር ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ኮረብታ የሚመስለው ጉብታ ሁሉ ያልተቆፈረ ሕንጻ ነው፤ የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ ሳታውቁት ታልፋላችሁ። ዋናው ምክንያት ግን እንስሳቱ ናቸው። አስጎብኚው የወደቀ ፍሬ አይቶ ቀና ይላል፣ እናንተም ቀና ስትሉ ቱካን የተባለውን ወፍ ታያላችሁ። የመንግሥት ቱሪዝም ተቋም የሆነው ኢንጉዋት የሰጠውን መታወቂያ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ዋጋውን፣ ሰዓቱንና ቋንቋውን ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ።

የጉብኝቱ ቀን

6. ከፍሎሬስ ከሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነሡ።

በዚህ ሰዓት ከወጣችሁ በሩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሲከፈት ትደርሳላችሁ። ከ4 ሰዓት በኋላ ከየአቅጣጫው የሚመጡት አውቶቡሶች ሰው ማራገፍ ይጀምራሉ፤ ጫጫታው ሲበዛ እንስሳቱ ወደ ውስጥ ያፈገፍጋሉ።

ከቤት ሳትወጡ ክሬሙን ቀቡ፣ 15 ደቂቃ ቆይታችሁ የትንኝ መከላከያውን ከላይ ጨምሩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክሬሙ መከላከያውን ይሸፍነዋል። እኛ ትንኝ ሲባል የወባዋ ትዝ ስለሚለን ለሌሊት ብቻ ነው የምንጠነቀቀው፤ ደንጊ የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ግን ቀን ነው የምትናከሰው። ስለዚህ በየሦስት ወይም አራት ሰዓቱ ደግማችሁ ተቀቡ።

7. ከበሩ በኋላ በዝግታ ንዱ።

ከፓርኩ በር እስከ ፍርስራሹ መግቢያ ገና 17 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ፍጥነቱ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር የተወሰነ ነው፤ የጃጓር፣ የእባብና የተርኪ ዶሮ ሥዕል ያለባቸው ምልክቶች በየጥጉ ተተክለዋል። እንስሳት በእርግጥ መንገዱን ስለሚያቋርጡ ሾፌራችሁ ከቸኮለ ቀስ እንዲል ንገሩት፤ እናንተም ማየት የምትጀምሩት ከዚሁ መንገድ ነው።

8. ወደ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ ቁሙና አድምጡ።

ከቲኬት መቆጣጠሪያው አለፍ ብሎ አንድ ግዙፍ የሴይባ ዛፍ አለ። ሴይባ የጓቴማላ ብሔራዊ ዛፍ ነው። ከሥሩ አምስት ደቂቃ ዝም በሉ። ዓይናችሁ ከጨለማው ጋር ይላመዳል፣ ጆሮአችሁም ጫካውን መለየት ይጀምራል።

በዚህ ሰዓት ከሩቅ እንደ አንበሳ የሚያገሣ ድምፅ ብትሰሙ አትደንግጡ፤ ጯሂው ጦጣ ነው። ጉሬዛ ጎህ ሲቀድ ሲጮኽ የሰማ ሰው ነገሩን ይገምተዋል፣ ይኼኛው ግን ብዙ እጥፍ ይበረታል፤ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይሰማል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ጉልበቴ ከድቶኝ ግንድ ላይ ተደገፍኩ። ግንድ መደገፍ ደግሞ እዚያ የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱን ከማስጠንቀቂያው ክፍል ታገኙታላችሁ።

9. በዚህ ቅደም ተከተል ዙሩ።

ብዙ ሰው ከመግቢያው በቀጥታ ወደ ታላቁ አደባባይ ይሮጣል። እናንተ በሰሜኑ በኩል ዙሩ፦

ሀ. በመጀመሪያ ኪው እና አር ወደተባሉት መንትያ ፒራሚዶች። ትንንሽ ናቸው፣ 20 ደቂቃ ይበቃቸዋል።

ለ. ከዚያ በሰሜናዊው ስብስብ አድርጋችሁ የሞድስሌይ ጥርጊያ የሚባለውን ሰፊ የጥንት ጎዳና ያዙ። በማለዳ ሰው የማይበዛበት ይህ ነው፣ እንስሳትም በብዛት የሚታዩት እዚህ ነው። አትቸኩሉ።

ሐ. ጎዳናው አራተኛው ቤተ መቅደስ ሥር ያደርሳችኋል። ቁመቱ 65 ሜትር ያህል ነው፣ በከተማው ውስጥ ከሁሉ ይረዝማል። በጎኑ በተሠራው የእንጨት ደረጃ ውጡ።

መ. ከዚያ ወርዳችሁ ሙንዶ ፔርዲዶ ወደተባለው ስፍራ። ትርጉሙ «የጠፋው ዓለም» ነው።

ሠ. መጨረሻ ላይ ታላቁ አደባባይ። ምክንያቱ ብርሃን ነው፦ አንደኛው ቤተ መቅደስ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባው ትሆናለች፣ ፎቶውም ጥላ ብቻ ይሆናል። ከ8 ሰዓት በኋላ ግን ብርሃኑ ፊት ለፊቱ ያርፋል።

ይህ ዙር በአጠቃላይ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ከአደባባዩ በደቡብ ምሥራቅ ወደ ስድስተኛው ቤተ መቅደስ የሚወስደው መንገድ ረጅምና ጭር ያለ ነው፤ ብቻችሁን አትሂዱበት።

10. አራተኛው ላይ ቢያንስ አርባ ደቂቃ ተቀመጡ።

ደረጃውን ስትወጡ መደገፊያውን አትልቀቁ፤ ጠዋት እንጨቱ በጤዛ ይርሳል። ትንፋሻችሁ ካጠረ በየማረፊያው ቁሙ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ እንኳን አይከብደንም የሚል ሰው አለ። የሚያደክማችሁ ግን ከፍታው ሳይሆን ሙቀቱና እርጥበቱ ነው፤ የጋምቤላን ሙቀት የቀመሰ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ከላይ ሆናችሁ ወደ ምሥራቅ ስትመለከቱ የምታዩት ዛፍ ብቻ ነው፣ እስከ አድማስ ድረስ። እኔ በወጣሁበት ጠዋት ጭጋጉ እስከ 2 ሰዓት ድረስ አልተነሣም። መጀመሪያ ነጭ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የሦስተኛው ቤተ መቅደስ ጫፍ ጠቆረ፤ ከዚያ በስተ ጀርባው የአንደኛውና የሁለተኛው የድንጋይ ዘውድ ከጭጋጉ ላይ እንደ ተንሳፋፊ ዕቃ ብቅ አሉ። ከሥራችን አንድ ጦጣ ጮኸ፣ ከሩቅ ሌላው መለሰለት። አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩት ሰዎች ፀሐይ አልወጣችም ብለው ገና ማለዳ ወርደው ነበር። ለዚህ ነው አርባ ደቂቃ የምላችሁ፤ ጭጋጉ የሚገለጠው ለሚጠብቅ ሰው ነው።

11. እንስሳቱን እንዲህ ፈልጉ።

በፓርኩ ውስጥ ከ300 በላይ የወፍ ዓይነት አለ። ማየት የሚቻለው ግን ስትራመዱ ሳይሆን ስትቆሙ ነው። ሃምሳ እርምጃ ሂዱ፣ ሁለት ደቂቃ ቁሙ፤ እንደገና ሂዱ። ቅጠል ያለ ነፋስ ከተንቀሳቀሰ ያንን ቅርንጫፍ በመነጽር ተመልከቱ።

ሸረሪት ጦጣ፦ እጅና እግሩ ረጃጅም ነው፣ ጅራቱ እንደ አምስተኛ እጅ ያገለግለዋል። በትክክል ከሥሩ አትቁሙ። ሰው ሲቀርበው ቅርንጫፍ ሰብሮ ይወረውራል፣ ይሸናልም። ሦስት አራት ሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ ብትሉ የተሻለም ይታያችኋል፣ አንገታችሁም አይታመምም።

ፒሶቴ፦ አፍንጫው የረዘመ፣ ጅራቱን እንደ ዘንግ አቁሞ በመንጋ የሚሄድ እንስሳ ነው። ሰው አይፈራም። ክፍት ላስቲክ ካየ ተንጠልጥሎ ይቀማችኋል፣ ጥፍሩም ስለታም ነው። አታብሉት፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ እንስሳ ኋላ ሕፃናትን ይተናኮላል።

ባለ ዓይን ተርኪ፦ ላባው እንደ ጣዎስ ሰማያዊና ወርቃማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ራሱ ሰማያዊ የሆነ የዱር ተርኪ ዶሮ። በዓለም ላይ የሚገኘው በዩካታን ልሳነ ምድርና በአካባቢው ብቻ ነው። በሣሩ ላይ በእርጋታ ሲራመድ ታገኙታላችሁ። አትከተሉት፣ ቁጭ በሉ፣ እርሱ ራሱ ይቀርባል።

ጃጓር በደኑ ውስጥ አለ፤ ሌሊት ስለሚንቀሳቀስ ቀን ታያላችሁ ብላችሁ አትጠብቁ።

ወደ ታችም ተመልከቱ። መንገዱን የሚያቋርጥ አረንጓዴ መስመር ካያችሁ ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖች ናቸው። እያንዳንዷ ከራሷ የሚበልጥ የቅጠል ቁራጭ እንደ ጀልባ ሸራ አቁማ ትሄዳለች። ያመላለሱበት መሬት ሣር እስኪያጣ ድረስ ተጠርጎ ቀጭን ጎዳና ሆኗል። ቅጠሉን አይበሉትም፤ ጉድጓዳቸው ውስጥ ሻጋታ ያበቅሉበታል፣ የሚመገቡትም ያንን ነው። ተራምዳችሁ እለፉት እንጂ አትርገጡት።

12. ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ዕረፉ።

በዚህ ጊዜ እንስሳቱም ያርፋሉ፣ ስለዚህ የሚቀርባችሁ ነገር የለም። ጥላ ሥር ተቀመጡ፣ ኦአርኤሱን በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ምሳ ብሉ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከጀመረ ጉብኝቱ ቆመ ማለት ነው፦ ሰውየውን ጥላ ውስጥ አስተኙት፣ አንገቱንና ብብቱን በውሃ አርጥቡ፣ አናፍሱት። ግራ የመጋባት ወይም የመንተባተብ ምልክት ካሳየ ወዲያውኑ የፓርክ ጠባቂ ጥሩ፤ ይህ የሚገድል ደረጃ ነው።

ለጾመኞች፦ ጥሩ ያልኳችሁ ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገናኛል፤ ደግነቱ የአገሩ ምግብ ለጾም ይመቻል። የበቆሎ ቂጣ፣ ጥቁር ባቄላና የተጠበሰ የምግብ ሙዝ በየቤቱ አለ። ባቄላው ግን ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ስለሚሠራ፣ ስታዝዙ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ማንቴካ» በሉ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ ስብ ማለት ነው።

13. አደባባዩ ላይ የሚወጣውንና የማይወጣውን ለዩ።

አንደኛው ቤተ መቅደስ ቁመቱ 47 ሜትር ገደማ ነው፤ መውጣት የተከለከለ ነው። ደረጃው ቀጥ ያለና የተበላ ስለሆነ ለሰውም ለድንጋዩም አደጋ አለው። ፊት ለፊቱ ያለው ሁለተኛው ላይ ግን በእንጨት ደረጃ ትወጣላችሁ፤ የአንደኛው ጥሩ ፎቶ የሚገኘው ከዚያ ነው። የተቀረጹትን የቆሙ ድንጋዮች በእጃችሁ አትንኩ፤ የኖራ ድንጋይ ለስላሳ ስለሆነ የእጅ ላብና ቅባት ቀስ በቀስ ቅርጹን ይበላዋል። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሡ።

14. ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ወደ መውጫው ጀምሩ።

ፓርኩ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይዘጋል። ከአደባባዩ እስከ መግቢያው 25 ደቂቃ ያስኬዳል፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ ከሜዳው ቀድሞ ይጨልማል። የመጨረሻውን ሚኒባስ ሰዓት ጠዋት ስትወርዱ ጠይቃችሁ ጻፉት። ማደሪያ ስትደርሱ ልብሳችሁን አራግፉ፣ ከጉልበት ጀርባና ከወገብ ላይ መዥገር ፈትሹ፣ በሳሙና ታጠቡ።

ማስጠንቀቂያ

ግንድ አትያዙ፣ አትደገፉ። ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው፣ ግንዳቸው በረጃጅም እሾህ የተሸፈነ ዘንባባዎች ከመንገዱ ዳር አሉ። ሁለተኛው፣ ቼቼን የሚባለው ዛፍ ጥቁር ፈሳሹ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሃም ያቋጥራል። ከነካችሁ ወዲያውኑ በብዙ ውሃና ሳሙና እጠቡ።

እባቡስ ላላችሁኝ፦ አዎን፣ ባርባ አማሪያ የተባለ መርዘኛ እፉኝት በአካባቢው አለ። ቀለሙ ከወደቀ ቅጠል ጋር አንድ ነው። ከተጠረገው መንገድ ካልወጣችሁ፣ እጃችሁን በማታዩት የድንጋይ ስንጥቅ ካላስገባችሁና በጨለማ ባትሪ ካበራችሁ ላታዩት ትችላላችሁ። ሰው ከተነደፈ ቦታውን አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ ወይም በጨርቅ አጥብቃችሁ አትሰሩት። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ እግሩን ሳይንቀሳቀስ አቆዩ፣ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል አድርሱ። የሚያድነው የመርዝ ማርከሻው ብቻ ነው።

ኩሬ ዳር አትቁሙ፤ አዞ አለ። መብረቅ ከጀመረ ከፒራሚድ ላይ ውረዱ፤ ከዛፉ ሁሉ በላይ የምትታዩት እናንተ ናችሁ።

ብዙ ጊዜ የሚደረጉ ስሕተቶች

• የፀሐይ መውጫ ጉብኝት ከፍሎ ፀሐይዋን በእርግጥ አያለሁ ብሎ መጠበቅ። ማለዳው በአብዛኛው ጭጋግ ነው። የምትከፍሉት ለድምፁ ከሆነ ክፈሉ፤ ለፎቶ ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። በዚያ ሰዓት ያለ አስጎብኚ መግባት እንደማይፈቀድም እወቁ።
• አዲስ ጫማ። በሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግር ይላጣል።
• ሽቶ መቀባት። ነፍሳትን ይጠራል።
• ስልክን ለካርታም ለፎቶም ተጠቅሞ ከሰዓት በኋላ ባትሪ ማጣት። የመንገዱን ሰሌዳ መግቢያው ላይ ፎቶ አንሡ፣ ከዚያ ስልኩን ከኔትወርክ አውጡት፤ ኔትወርክ ሲፈልግ ነው ባትሪውን የሚጨርሰው።
• በአንድ ቀን ቲካልንና ሌላ ፍርስራሽ አብሮ ለማየት መሞከር።

እናቴን ወይም አባቴን ይዤ ብሄድስ?

ይህንን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ ይቻላል። ከመግቢያው እስከ ታላቁ አደባባይ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን መንገዱ ሰፊና የተጠረገ ነው። ለእነርሱ ሲባል ሰሜናዊውን ዙርና አራተኛውን ተዉት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ግቡ፣ በየሃያ ደቂቃው አሳርፉ፣ ምርኩዝ ያዙላቸው። አደባባዩ ላይ ደርሰው ሣሩ ዳር ጥላ ሥር ቢቀመጡ ተርኪዎቹም ፒሶቴዎቹም ወደ እነርሱ ይመጣሉ። ከ4 ሰዓት በፊት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ይዛችኋቸው ውጡ።